ዩሪያ በጉበት፣ ዩሪያ በከረጢት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ቡና ያቀራረባችሁ ሁለተኛው እስኪወርድ፣ መንገድ ላይ ያላችሁ ደግሞ ካሰባችሁበት እስክትደርሱ አብራችሁን ቆዩ። የዛሬው ጨዋታ ከገበታ ይነሳል፤ ጉበት ውስጥ ይገባል፤ በኩላሊት በኩል አልፎ ማሳ ላይ ይወጣል።

የፋሲካ ዕለት ነው እንበል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን በሽሮና በምስር ያሳለፈ አንድ አባወራ ሌሊት ጾሙን በዶሮ ወጥ ፈታ። ቀትር ላይ ደግሞ ከቅርጫው የደረሰው ቁርጥ ከአዋዜ ጋር ቀረበለትና ግማሽ ኪሎ ያህሉን ጨረሰ። እሰየው፤ ዓመት በዓል ነው። በዚያ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ ውስጥ ግን 100 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ።

ያ ሁሉ ፕሮቲን የት ይገባል?

(አጭር ዝምታ)

“ሥጋ ሥጋ ይሆናል” የምትሉ ትኖራላችሁ። በከፊል እውነት ነው። ሁሉም ሥጋ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ግን የአባወራው ክንድ ዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ የሸሚዙን እጅጌ በቀደደ ነበር።

ሰውነት ለስኳር ማስቀመጫ አለው፤ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ጥቂት ያኖራል። ለስብማ ሰፊ መጋዘን አለው፤ ቦርጭ ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ለፕሮቲን ግን ጎተራ የለም። ይህችን ያዙልን፤ ደግመን እንበላት፦ ለፕሮቲን ጎተራ የለም። ለሥራ ያልተፈለገው ይፈርሳል፣ ይነዳል፣ ከውስጡ የሚተርፈውም ነገር መወገድ አለበት። የዛሬው ዝግጅት ስለዚያ ተራፊ ነገር ነው። ስሙ ናይትሮጂን ነው።

(ድምፅ፦ የማዳበሪያ ከረጢት ሲጎተት፤ ከሩቅ የበሬ ድምፅ)

ልጅ፦ አባባ፣ ይሄ ዩሪያ ከምን ነው የሚሠራው?

አባት፦ ከፋብሪካ ነዋ ልጄ። በመርከብ መጥቶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ እዚህ ይደርሳል።

ልጅ፦ የባዮሎጂ መምህራችን ግን በሽንታችን ውስጥም አለ ብለውናል።

አባት፦ (እየሳቀ) ተይ እንጂ! እንዲያ ከሆነማ በየዓመቱ ማኅበሩ በር ላይ ወረፋ ምን አስጠበቀኝ?

(ድምፁ እየራቀ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ አባት ቢስቁ አይፈረድባቸውም። መምህሩ ግን አልተሳሳቱም። በከረጢት ተሞልቶ የሚመጣው ነጭ ፍሬ ማዳበሪያና ጉበት ቀን ከሌሊት የሚሠራው ዩሪያ አንድ ናቸው። ተመሳሳይ ማለታችን አይደለም፤ አንድ ናቸው። ከሁለቱ አንዷን የዩሪያ ቅንጣት አውጥቶ ቢያሳዩት፣ የቱ ከፋብሪካ የቱ ከጉበት እንደመጣ የሚለይ ኬሚስት የለም።

ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ቮለር ይህን በ1828 እ.ኤ.አ. በገዛ እጁ አይቷል። አሞኒየም ሳያኔት ከሚባል ጨው ጋር ሲሠራ ከሽንት የሚወጣው ዩሪያ ብርጭቆው ውስጥ ተገኘ። ለቀድሞ አስተማሪው ለስዊድናዊው ቤርዜሊየስ በጻፈው ደብዳቤ፣ የሰውም የውሻም ኩላሊት ሳያስፈልገው ዩሪያ መሥራቱን ነገረው። በዚያ ዘመን ከሕያው ፍጥረት የሚወጣን ነገር ሰው በላቦራቶሪ ሊሠራው አይችልም የሚሉ ብዙ ነበሩና ወሬው ትልቅ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እስኪ ከሥሩ እንጀምር። ፕሮቲን ማለት እንደ ጨሌ የተሰካ ረጅም ክር ነው። እያንዳንዷ ጨሌ አሚኖ አሲድ ትባላለች። ዓይነታቸው 20 ነው። ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ባቄላም ጨጓራና አንጀት ሲደርሱ ክሩ ይበጠስና ጨሌዎቹ አንድ በአንድ ወደ ደም ይገባሉ። ደም ውስጥ ከገቡ በኋላ ይህች ከበግ መጣች፣ ያቺ ከሽንብራ መጣች ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ታዲያ አሚኖ አሲድ ከስኳርና ከስብ የምትለየው በምንድን ነው? በናይትሮጂን። ስኳርና ስብ ሲነዱ ከሞላ ጎደል ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚወጣቸው። ውሃው አይጎዳም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በትንፋሽ ይሄዳል። አሚኖ አሲድ ስትነድ ግን ናይትሮጂኗ ይቀራል፤ ብቻውን የተለቀቀ ናይትሮጂን ደግሞ ሰውነት ውስጥ አሞኒያ ይሆናል።

አሞኒያን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ውሃ ያልፈሰሰበት የአውቶቡስ መናኸሪያ ሽንት ቤት በር ላይ አፍንጫን የሚወጋው፣ ዓይንን የሚያስለቅሰው እሱ ነው። ያ ነገር አንጎል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ጥቂት ቆይተን እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ግን አንድ የቆየ ስህተት እናርም። የሰው ገላ እንደ ድንጋይ ቤት አንዴ ተሠርቶ የሚቆም፣ ምግቡም እንደ ማገዶ ነድዶ የሚያልቅ ይመስላቸው የነበሩ ሊቃውንት ጥቂት አልነበሩም። ሩዶልፍ ሾንሃይመር የተባለ ኬሚስት ይህን አፈረሰው። በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከተራው ናይትሮጂን በጥቂቱ የሚከብድ ናይትሮጂን ማግኘት ችሎ ነበር። የሚከብድ በመሆኑ እንደ ጆሮ ምልክት ሆኖ ያገለግላል፤ ከብት ምልክት ተደርጎበት ከመንጋ ውስጥ እንደሚለየው ማለት ነው። ሾንሃይመርና ባልደረቦቹ ምልክት ያለባትን አሚኖ አሲድ ላደጉ አይጦች አበሏቸው። አይጦቹ ማደግ ስላቆሙ ናይትሮጂኑ ቶሎ በሽንት ይወጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር።

አልወጣም። በሽንት የተገኘው ከሦስት አንድ እጅ ያነሰ ነበር። ከግማሽ የሚበልጠው በየአካላቱ ፕሮቲን ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ።

ምን ማለት ነው? ገላ የሳር ቤት ነው። ቆሞ እያለ ይታደሳል፤ አሮጌው ሳር እየወጣ አዲሱ ይገባበታል። ጎልማሳ ሰው በቀን ከ200 ግራም በላይ የገዛ ፕሮቲኑን አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ይህ በቀን ከሚበላው ይበልጣል። ከፈረሰው አብዛኛው ለአዲሱ ሥራ ይውላል፤ የቀረው ይነዳል። ስለዚህ አንድም ሥጋ ያልቀመሰ ጿሚ ሽንቱ ውስጥ ዩሪያ አለ። የገዛ ገላው እየታደሰ ነዋ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ደግሞ ወደ ሽሮ። አዎ፣ ሽሮ!

ከ20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ዘጠኙን ሰውነት ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። ችግሩ ፕሮቲን ሲሠራ አንዲቱ ብትጎድል ሥራው ይቆማል። ሸማኔ ድር ዘርግቶ ማግ ካለቀበት ድሩ ስለበዛ ጋቢው አይወጣለትም። የቀሩት አሚኖ አሲዶች ደግሞ ማግ እስኪመጣ ተቀምጠው አይጠብቁም። ለምን? ጎተራ የለማ። ይነዳሉ፤ ናይትሮጂናቸውም ይወገዳል።

እህል፣ ስንዴም በቆሎም፣ ላይሲን የምትባለዋ አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ጤፍ ከብዙዎቹ እህሎች ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ብቻውን በቂ አይደለም። ባቄላ፣ ሽንብራና ምስር ላይሲን ሞልቷቸዋል፤ የሚያንሳቸው ሚታዮኒን ነው። እህል ደግሞ ሚታዮኒን አለው። እንጀራና ሽሮ አንድ ሰሃን ላይ ሲገናኙ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። አሚኖ አሲድ የሚባል ስም ከመሰማቱ ከብዙ ዘመን በፊት እናቶች ድሩን ከማጉ አገናኝተውት ነበር። በባዶ እንጀራ ብቻ የሚጠግብ ልጅ ካያችሁ ግን ሆዱ ቢሞላም ከበላው ፕሮቲን ብዙው ሥራ ላይ ሳይውል በሽንት እየሄደ ነው።

(የክራር ድምፅ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ እስካሁን ሁለት ነገር ይዘናል። አንደኛ፣ ለፕሮቲን ጎተራ የለም። ሁለተኛ፣ አሚኖ አሲድ ስትነድ ናይትሮጂኗ ይተርፋል፤ ብቻውን ከተለቀቀም አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ታዲያ ከጡንቻ ተነስቶ፣ ደም ውስጥ አልፎ ጉበት እስኪደርስ ድረስ ሰውን ሳይመርዝ እንዴት ይጓዛል?

በሸክም ነው። ናይትሮጂን ብቻውን አይላክም፤ ከአንዱ ተሸካሚ ወደ ሌላው በቅብብል ይሻገራል። አንዷ አሚኖ አሲድ ናይትሮጂኗን ለሌላ ውህድ ታስረክባለች፤ ተረካቢው በተራው አሚኖ አሲድ ይሆናል። ጡንቻ በተለይ አላኒንና ግሉታሚን የሚባሉትን ሁለቱን ጭኖ ይልካል። ግሉታሚን ብርቱ ሸክመኛ ናት፤ በአንድ ጉዞ ሁለት ናይትሮጂን ትይዛለች። ርክክቡን የሚያካሂዱት ኢንዛይሞች ያለ ቫይታሚን ቢ6 አይሠሩም።

እነዚህ ኢንዛይሞች ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደሉም። ሐኪም “ጉበትህን እንየው” ብሎ ደም ሲያስመረምር ወረቀቱ ላይ ኤስጂኦቲ እና ኤስጂፒቲ ተብለው የሚጻፉት እነሱ ናቸው። ቦታቸው የጉበት ሴል ውስጥ ነው። ሴሉ ሲጎዳ እንደ ተቀደደ ጆንያ እህል ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ኤስጂኦቲ በጡንቻና በልብም ስለሚገኝ ሐኪሞች ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያነቧቸዋል።

አሁን ጉበት ደርሰናል። ዋናው ትንግርት እዚህ ነው።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ይቆማል)

አቅራቢ፦ ቦታው ፍራይቡርግ፣ ጀርመን፤ ዘመኑ 1932 እ.ኤ.አ.። ሐንስ ክሬብስ የተባለ ወጣት ሐኪም ኩርት ሄንዘላይት ከሚባል የሕክምና ተማሪ ጋር እንደ ወረቀት የሳሳ የአይጥ ጉበት ቁራጭ በጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ቁራጩ ለሰዓታት ሕያው ሆኖ ይሠራል። አሞኒያ ሲጨምሩበት ዩሪያ ያወጣል። ከዚያ እንደ ወጥ ቤት ቅመም አንዱን አሚኖ አሲድ እየተው ሌላውን እያከሉ ዩሪያው ሲጨምር ሲቀንስ ይለካሉ።

ኦርኒቲን የምትባለዋን ሲጨምሩ ዩሪያው ተትረፈረፈ። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አልገጠመም። የጨመሯት ኦርኒቲን እጅግ ጥቂት ናት፤ የወጣው ዩሪያ ብዙ ነው። ኦርኒቲኗ ተበልታ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ዩሪያ ሊወጣት አይችልም። ቢፈልጓት ደግሞ አላለቀችም፤ እዚያው አለች!

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሥራ ሠርታ የማታልቅ ነገር ምን ዓይነት ነገር ናት?

(አጭር ዝምታ)

ከሜክሲኮ ፒያሳ የሚመላለስ ሚኒባስ አስቡ። ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ሌላው ይሳፈራል፤ ታክሲው ግን ያው ታክሲ ነው። ኦርኒቲን ታክሲዋ ናት። መነሻዋ ላይ አንድ ናይትሮጂን ከአሞኒያ፣ አንድ ካርቦን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አጣምራ ትጭናለች፤ ስሟ ይቀየርና ሲትሩሊን ትባላለች። ሲትሩሊን ቀድሞ ከሐብሐብ የተገኘች ስለሆነች ስሟን ያገኘችው ከሐብሐብ የላቲን ስም ነው። ቀጥሎ ሁለተኛ ናይትሮጂን አስፓርቴት ከምትባል አሚኖ አሲድ ይሳፈራል። ታክሲዋ አሁን አርጂኒን ሆናለች። መጨረሻ ፌርማታ ላይ ሁለቱ ናይትሮጂንና ካርቦኑ ተያይዘው ይወርዳሉ። ወራጁ ዩሪያ ነው። ባዶዋ ኦርኒቲን ለሌላ ዙር ትመለሳለች።

ክሬብስ ያገኘው ይህንን ነው፤ የዩሪያ ዑደት ይባላል። በሕይወት ኬሚስትሪ ውስጥ መነሻው መድረሻው የሆነ የክብ መንገድ በዚህ መልክ ሲገለጥ የመጀመሪያው ነበር። ሹመትና ሽልማት ግን ወዲያው አልተከተለም። ክሬብስ አይሁዳዊ ስለነበር በ1933 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከሥራው ተባረረ። እንግሊዝ ገባ፤ በ1937 ሼፊልድ ሆኖ ሁለተኛውን ታላቅ ዑደት፣ ምግብ ወደ ኃይል የሚለወጥበትን፣ አገኘ፤ በ1953 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ቅድም ያነሳነው ሾንሃይመርም አይሁዳዊ ነበር፤ እሱም እስከ 1933 ድረስ ይሠራ የነበረው በዚያችው በፍራይቡርግ ነበር። አንዲት መካከለኛ ከተማ በአንድ ዓመት ሁለቱንም አስወጣች።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ጉበት ለዚህ ሥራ ይከፍላል። ኤቲፒ የሚባለው የሰውነት የኃይል ሳንቲም ነው ብንል፣ አንዲት የዩሪያ ቅንጣት አራት ሳንቲም ያህል ታስወጣለች። ቆሻሻ ለመጣል ይህን ያህል ወጪ ምን አመጣው?

መልሱ ውሃ ነው። ዓሣ ዩሪያ አያስፈልገውም፤ አብዛኛው ዓሣ አሞኒያውን በስንጥቡ በኩል እዚያው ውሃ ውስጥ ይለቀዋል። ጣና ሰፊ ነው፤ ያቀጥነዋል። እንቁራሪትም ጭራ ያላት ግልገል ሆና ውሃ ውስጥ ስትኖር እንደ ዓሣ አሞኒያ ትለቃለች። እግር አውጥታ ወደ የብስ ስትወጣ ጉበቷ የዩሪያውን ሥራ ይጀምራል። የሰው ልጅ በቆላ ፀሐይ ሲሄድ አሞኒያን የሚያቀጥንበት ውሃ የለውም። ዩሪያ ግን ገር ነው፤ ደም ውስጥ ከአሞኒያ መቶ እጥፍ ቢበዛ እንኳ አይጎዳም።

ፋብሪካም ይህንኑ ነው የሚሠራው፤ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያዋህዳል። ልዩነቱ ፋብሪካው ከ150 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከባድ ግፊት ይፈልጋል፤ ጉበት በ37 ዲግሪ፣ ያለ ጩኸት፣ ሰው ተኝቶ እያንኮራፋ ይሠራዋል።

ይሁንና ጉበትም ወሰን አለው። የአርክቲክ ተጓዡ ቪልሃልሙር ስቴፋንሰን በ1928 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ በሚገኘው ቤልቪው ሆስፒታል ሥጋ ብቻ በልቶ መኖር እንደሚችል ሊያሳይ ገባ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ ሰጡት። በጥቂት ቀን ውስጥ ሆዱ ተበላሸ፣ አቅለሸለሸው። ስቡ ሲጨመርለት ዳነ። የጥንት አዳኞችም በክረምት የከሳ ጥንቸል ብቻ እየበሉ ይታመሙ እንደነበር ይናገራሉ። ቁርጥ ያለ ጮማ አይሆንም የሚሉ ጠና ያሉ አባቶች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም፤ ጮማ ይብዛ ለማለት ግን አይደለም።

ቅድም ከረጢት አንስተን ነበር። በደንብ የሚበላ ጎልማሳ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ዩሪያ በሽንቱ ያወጣል። ይህን ይዞ 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ለመሙላት የአምስት ስድስት ሰው የዓመት ሽንት ይጠይቃል። አባባ ወረፋቸውን ባይለቁ ይሻላል።

(ሙዚቃ፤ ዝግ ያለ)

አቅራቢ፦ አሁን ቀጠሮ የሰጠንለት ጥያቄ። ጉበት ሥራውን ቢተውስ?

ከአንጀት የሚወጣው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል። ጉበት ኬላ ነው። አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚያመርቱትን አሞኒያ እዚያው ይዞ ያስቀረዋል። በሄፓታይተስ ቢ፣ በብዙ ዓመት አረቄ ወይም በሌላ ምክንያት ጉበት ሲጠጥር ግን ደሙ ኬላውን እየዞረ ያልፋል። አሞኒያውም አንጎል ይደርሳል።

ምልክቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ያፈጣል። ጽሑፉ ይበላሻል። ደግ የነበረው ይነጫነጫል፤ የት እንዳለ ይጠፋዋል። እጁን ዘርግቶ መዳፉን ወደ ላይ እንዲያቃና ሲታዘዝ መዳፉ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባል። ቤተሰብ “ጠባዩ ተለወጠ፣ አንድ ነገር ቢለክፈው ነው” ሊል ይችላል። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው እንዲህ ሲሆን ግን ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን ወይም በሆድ ውስጥ የሚፈስ ደም ያባብሰዋል፤ ደምም ፕሮቲን ነውና።

ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ላክቱሎስ የሚባል ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። አሠራሩ ብልህ ነው። አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች ይበሉትና አሲድ ያደርጉታል፤ አሞኒያው በአሲዱ ውስጥ ወደ ደም መሻገር ወደማይችል መልክ ይለወጥና ከሰገራ ጋር ይወጣል። ዱሮ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ፕሮቲን ይከለክሉት ነበር። ዛሬ ያ ምክር ተትቷል፤ በረሃብ ጡንቻው የሚቀልጥ ሰው ናይትሮጂኑ ይብስበታል እንጂ አይቀንስለትም፤ ጡንቻ ራሱም አሞኒያን በግሉታሚን መልክ አስሮ የሚያግዝ አካል ነው።

ኩላሊትስ? ጉበት ይሠራል፣ ኩላሊት ያወጣል። ኩላሊት ሲደክም ዩሪያው ደም ውስጥ ይከማቻል። ላቦራቶሪ ዩሪያና ክሬቲኒን የሚለካው ለዚሁ ነው። ዩሪያ ብቻውን ያን ያህል ክፉ አይደለም፤ መጨመሩ ግን ሌሎች መውጣት የነበረባቸው ነገሮችም እንዳልወጡ ያስታውቃል።

የዛሬው የኩላሊት እጥበት ሥር በጦርነት ውስጥ ነው። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ፣ ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ ለቋሊማ መጠቅለያ የሚሆን ሴሎፎን ከበሮ ላይ ጠምጥሞ የሚያሽከረክር መሣሪያ ሠራ። የሕመምተኛው ደም በሴሎፎኑ ውስጥ ያልፋል፤ ዩሪያው በስሱ ልባስ ሾልኮ ወደ ጨዋማው ውሃ ይወጣል። መጀመሪያ የሞከረላቸው ሕሙማን ሁሉም ሞቱ ማለት ይቻላል። በ1945 ግን ራሷን የሳተች የ67 ዓመት ሴት ነቃች። ዛሬ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሰዓታት እጥበት ላይ የሚቀመጡ ወገኖች የሚታከሙት በዚያው ሐሳብ ነው።

አንድ አደራ እዚህ ላይ። እጥበት ያልጀመረ የኩላሊት ሕመምተኛ ሐኪሙ ፕሮቲን ቀንስ ሊለው ይችላል። እጥበት የጀመረ ግን በተቃራኒው በርከት አድርጎ እንዲበላ ይመከራል፤ እጥበቱ አሚኖ አሲድም አብሮ ያጥባልና። የጎረቤትን ምክር ለጎረቤት ትታችሁ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የዩሪያ መንገድ ከሰው ከወጣ በኋላም አያልቅም። ዩሪዬዝ የሚባል ኢንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች መልሰው አሞኒያ ያደርጉታል። ሽንት ትኩስ ሲሆን የማይሸተው፣ ውሎ ሲያድር የሚሸተው ለዚህ ነው። አፈር ውስጥም ኢንዛይሙ ሞልቷል፤ ዩሪያን አፈር ሳያለብሱ ሜዳ ላይ በትኖ የሚተው ገበሬ ከገንዘቡ የተወሰነውን ለነፋስ ሰጠ ማለት ነው። ብዙዎቻችሁን የሚያቃጥለው የጨጓራ ባክቴሪያም በዚሁ ኢንዛይም ነው ከአሲድ የሚተርፈው፤ ዙሪያውን በአሞኒያ ያለዝበዋል።

ይህን ኢንዛይም ከባቄላ ዘመድ አውጥቶ በ1926 እ.ኤ.አ. ወደ ንጹሕ ክሪስታል የለወጠው አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ነው። ኢንዛይም ሲጣራ የመጀመሪያው ነበር። ሰምነር ግራኝ ነበር፤ ግራ እጁን በ17 ዓመቱ በአደን አደጋ አጥቷል። አንድ እጅ ላለው ሰው ኬሚስትሪ አይሆንም ብለው የመከሩት ነበሩ። በ1946 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ግመልና በሬ ደግሞ ዩሪያን ሁሉ አይጥሉትም። መኖው ሲከሳ የግመል ኩላሊት ዩሪያውን ይይዘዋል፤ ደም ወደ ሆድ ዕቃው ይመልሰዋል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ያደርጉታል፤ ግመሉም ባክቴሪያዎቹን ይፈጫቸዋል። ጭድ በዩሪያ አክመው ለከብት የሚሰጡ አርቢዎች የሚጠቀሙት በዚሁ ነው። መጠኑን በባለሙያ አስለኩ እንጂ በግምት አታድርጉት፤ ከመጠን ያለፈ ዩሪያ ሆድ ውስጥ በአንዴ አሞኒያ ሆኖ በሬውን ይገድላል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ብሎ)

አቅራቢ፦ ሰዓታችን አለቀ። የሳምንቱን ጥያቄ ግን ሳንተው አንሄድም። ከዶሮ ወጡ ጀምረናልና በዶሮዋ እንጨርስ። ዶሮ እህልም ትልም ትበላለች፤ ናይትሮጂን አላት። እንደ ላም ስትሸና ግን ያያት የለም። ታዲያ ናይትሮጂኗን በምን ታወጣዋለች? ነገ ጠዋት ስትለቋት ኩሷን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ነጯን ነገር አትለፏት። መልሳችሁን ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ከዚያ እንቀጥላለን። ደህና ሰንብቱ።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል)